የጎረቤት ማዕድ፦ የዩክሬን ምግብ በቶሮንቶ ጎዳና



በዚህ ዐምድ ብዙውን ጊዜ የምናወጋው ስለ ራሳችን ጓዳ ነው። ዛሬ ግን ወደ ጎረቤት ጎራ ልንል ነው። የምንጎበኘው ጎረቤት ዩክሬናዊ ነው። የምናገኘው ግን ኪየቭ ላይ ሳይሆን ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት የካናዳዋ ቶሮንቶ ነው።

እኛ አዲሱን ዓመት በተቀበልን ሰሞን፣ በመስከረም ወር፣ በምዕራብ ቶሮንቶ አንድ ሰፊ ጎዳና ለመኪና ይዘጋል። በግራና በቀኝ ድንኳን ይተከላል፤ ትላልቅ ድስቶች ይጣዳሉ፤ ቀይ ሽንኩርት መጠበስ ይጀምራል። በጥልፍ ያጌጠ ሸሚዝ የለበሱ አዛውንት፣ ወጣቶችና ሕፃናት በሰልፍ ያልፋሉ። የሽንኩርቱ ሽታ የአካባቢውን ሰው ሁሉ፣ የእኛንም ልጆች ጭምር፣ ከቤት ያወጣል። ከዚያ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፤ «ይሄን መብላት እንችላለን?»

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። መልሱ ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው የምግቡን ምንነት ማወቅ ሲሆን ሁለተኛው ምግቡን ያቀረበውን ጎረቤት ማወቅ ነው። ሳያውቅ ሁሉን የሚበላ አለ፤ ሳያውቅ ሁሉን የሚጸየፍም አለ። ለልጆቻችን ከሁለቱ አንዱን ብናስተምራቸው አንወድም። ስለዚህ በዛሬው ዝግጅታችን የዩክሬኖቹን ማዕድ አንድ በአንድ ገልጠን እናያለን። ዓመተ ምሕረቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልብ ይበሉልን።

ጎዳናውና ባለቤቶቹ

ሰፈሩ ብሎር ዌስት ቪሌጅ ይባላል። የምድር ባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ1968 በዚያ በኩል ሲዘረጋ፣ ቀድሞ በመንገዱ ላይ ይመላለስ የነበረው ገበያተኛ ከመሬት በታች ማለፍ ጀመረ። ዘመናዊ የገበያ አዳራሾችም ደንበኛ ሻሙ። የሰፈሩ ባለሱቆች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1970 ሁሉም እንደ አቅሙ የሚያዋጣበትን፣ በመዋጮውም መንገዱን የሚያስጌጡበትንና የሚያስተዋውቁበትን ማኅበር አቋቋሙ። በሕግ ታውቆ እንዲህ ያለ የንግድ ሰፈር ማኅበር ሲመሠረት ይህ በዓለም የመጀመሪያው መሆኑ ይነገራል። ዛሬ በብዙ አገሮች ተቀድቷል።

በዚህ ሰፈርና በዙሪያው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡ ዩክሬናውያን ሰፍረው ነበር። ዳቦ ቤቶቻቸው፣ የሥጋና የጣፋጭ መደብሮቻቸው፣ የቁጠባ ማኅበሮቻቸው በጎዳናው ላይ ተደርድረው ቆይተዋል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ታዲያ በዓመት አንድ ጊዜ ጎዳናው የዩክሬን በዓል ሆነ። አዘጋጆቹ በሰሜን አሜሪካ ከሚደረጉ የዩክሬን የጎዳና በዓላት ሁሉ ትልቁ ይሉታል። መግቢያ አይከፈልበትም፤ «አንተ ከየት ነህ?» ብሎ የሚመልስም የለም።

የዩክሬናውያን የካናዳ ታሪክ ግን ከዚህ ሰፈር ይልቃል። ኢቫን ፒሊፒቭና ቫሲል ኤሌንያክ የተባሉ ሁለት ገበሬዎች ካናዳ የደረሱት በ1891 ነው። ከእነሱ በኋላ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር የገጠር ሰው ወደ ምዕራብ ካናዳ ሜዳ ጎረፈ። የራሳቸው መንግሥት ስላልነበራቸው የመጡበት ግዛት በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበር። በዚህ ምክንያት በስደተኛ መዝገብ ላይ አንዱ «ጋሊሲያዊ»፣ ሌላው «ሩቴናዊ»፣ ሌላው «ኦስትሪያዊ» እየተባለ ተጻፈ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ «የጠላት አገር ሰዎች» ተብለው ከእነሱ ውስጥ 5,000 ያህሉ በማጎሪያ ሰፈር ታስረዋል። በ2021 በተደረገው ቆጠራ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ካናዳውያን ዘራቸው ከዩክሬን እንደሚመዘዝ ተናግረዋል።

እንግዲህ ይህ ሕዝብ ስሙን በወረቀት ላይ ያገኘው ዘግይቶ ነው። ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ ስሙን ካቆዩለት ነገሮች አንዱ ድስቱ ነበር።

በድንኳኑ ሥር ምን አለ?

ከሁሉ በፊት ረጅም ሰልፍ የሚታየው ቫሬኒኪ የሚሸጥበት ጋ ነው። ካናዳ ውስጥ ብዙዎቹ ፒሮሂ ይሉታል፤ ይህም ከምዕራብ ዩክሬን የመጣ አጠራር ነው። ዱቄት በውኃና በጨው፣ አንዳንዴም በእንቁላል ይቦካል። እርሾ አይገባበትም። ሊጡ በስሱ ተዳምጦ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ እየተደረገ ይቆረጣል። በመካከሉ የተፈጨ ድንች፣ ወይም የእኛን አይብ የሚመስል አይብ፣ ወይም በጨው የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን፣ ወይም እንጉዳይ ይጨመራል። ከዚያ ታጥፎ ዳር ዳሩ በጣት እየተቆነጠጠ ይገጠማል። ቅርጹ ሳምቡሳን ወይም ግማሽ ጨረቃን ይመስላል፤ የሚበስለው ግን በዘይት ሳይሆን በፈላ ውኃ ነው። ሲበስል ራሱ ከውኃው ላይ ይንሳፈፋል። በላዩ የተጠበሰ ሽንኩርትና ስሜታና የሚሉት ወፍራም የኮመጠጠ ክሬም ይደረግበታል። ቼሪ የተሞላበት ጣፋጭ ዓይነትም አለ።

ቀጥሎ ቦርሽ ይመጣል። ይህ የቀይ ሥር ሾርባ ነው። ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ብዙ ጊዜም ባቄላ መሰል አደንጓሬ ይገባበታል፤ እንስላል የሚመስል ለምለም ቅጠል ይነሰነስበታል። ፓምፑሽኪ የተባለ፣ ነጭ ሽንኩርት የተቀባ ለስላሳ ትንሽ ዳቦ ይቀርብለታል። የእኛ ወጥ ከቤት ቤት እንደሚለያይ ሁሉ ቦርሽም እንዲሁ ነው፤ የእገሌ እናት ቦርሽ ከእገሌ እናት ቦርሽ አይገጥምም። ዩኔስኮ የዩክሬንን የቦርሽ አሠራር ባህል ሐምሌ 1 ቀን 2022 አፋጣኝ ጥበቃ በሚሹ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ያ ዓመት የሩስያ ጦር አገሪቱን በሙሉ ኃይሉ የወረረበት ዓመት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። ቀይ ሥሩን የሚዘራው ገበሬ ከማሳው፣ ሾርባውን የምትሠራው ሴት ከጓዳዋ ተፈናቅለዋል። ልጅ ከእናቱ አጠገብ ቆሞ የሚማረው ነገር እናትና ልጅ ሲለያዩ ይቋረጣል።

ከዚያ ሆሉብትሲ አለ፤ ትርጉሙ «ትናንሽ ርግቦች» ማለት ነው። የጥቅል ጎመን ቅጠል በፈላ ውኃ ለስልሶ ሩዝና የተፈጨ ሥጋ ይጠቀለልበታል፤ በቲማቲም መረቅ ቀስ ብሎ ይበስላል። ናሊስኒኪ በስሱ የተጋገረ ቂጣ ሆኖ በአይብ የሚጠቀለል ነው። ዴሩኒ ተፍቆ የተጠበሰ የድንች ቂጣ ነው። ማኪቭኒክ ጥቁር አዝሙድ የሚመስል ደቃቅ ፍሬ ከማር ጋር የተጠቀለለበት ጣፋጭ ዳቦ ነው። ለጥማት ደግሞ ኡዝቫር አለ፤ የደረቀ ፖም፣ ዕንኮይና ሌላም ፍሬ ተቀቅሎ የሚጠጣ፣ አልኮል የሌለበት መጠጥ ነው።

በጎዳናው ላይ ዐይን የማይስተው ሌላም ነገር አለ። እሱም በየብረት ምጣዱ የሚጠበሰው ኮቭባሳ፣ ማለት ነጭ ሽንኩርት የበዛበት የአሳማ ሥጋ ቋሊማ ነው። ሳሎ የሚሉት በጨው የታሸ የአሳማ ጮማም እንዲሁ። ዩክሬናውያን በሳሎ ይቀልዳሉ፣ ይዘፍኑለታል፣ ይኮሩበታል። ለእኛ ግን ጉዳዩ ያለቀለት ነው።

ለእኛ የሚሆነውን ለመለየት

የአሳማ ሥጋ ክልክል መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም ልጅ የለም። ችግሩ ቋሊማው ላይ አይደለም፤ ቋሊማው ራሱን ይናገራል። ችግሩ የማይናገረው ላይ ነው።

ስለዚህ ቫሬኒኪው ድንች ብቻ ቢሆንም በላዩ የተደረገው ሽንኩርት በምን እንደተጠበሰ መጠየቅ ይገባል። በቅቤ ወይም በዘይት ሊሆን ይችላል፤ በአሳማ ስብም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜም የተጠበሰ የአሳማ ጮማ ፍርፋሪ ከሽንኩርቱ ጋር ይደባለቃል። ቦርሹ ቀይ ሥር ብቻ ቢመስልም መረቁ የአሳማ ጎድን የተቀቀለበት ሊሆን ይችላል። ሆሉብትሲው ውስጥ ያለው ሥጋ በአብዛኛው አሳማ ወይም አሳማ የተቀላቀለበት ነው። ዴሩኒው የተጠበሰበት ምጣድ ቀደም ሲል ምን እንደተጠበሰበት ማየት ነው። ከመጠጥ ሆሪልካ ከባድ አረቄ ነው። ክቫስ ደግሞ ከዳቦ ተብላልቶ የሚሠራ በመሆኑ ጥቂት አልኮል አያጣውም፤ ለልጆች እንደ ለስላሳ ሲሸጥ ስለሚታይ ወላጆች ልብ ይበሉ።

ይህ ሁሉ ሲነገር «እንግዲያው ምን ቀረ?» የሚል አይጠፋም። ብዙ ቀርቷል! ለዚህም ቁልፉ ኢትዮጵያ ውስጥ ላደግን ሰዎች የምናውቀው ቁልፍ ነው። በአገራችን ከክርስቲያን ጎረቤት ቤት ወይም ሆቴል የገባ ሙስሊም «የጾም አለ?» ብሎ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን ያዝዛል። ዩክሬናውያንም አብዛኞቹ የምሥራቅ ክርስትና ተከታዮች ናቸው፤ ሥጋና የወተት ውጤት የማይነኩበት የጾም ወቅት አላቸው። ለጾም ምግብም የራሳቸው ስም አላቸው፤ «ፒስኒ» ይሉታል። ፒስኒ ቦርሽ ያለ ሥጋ፣ አንዳንዴም በእንጉዳይ መረቅ የሚሠራ ነው። በልደት በዓላቸው ዋዜማ የሚቀርቡት ዐሥራ ሁለት ዓይነት ምግቦች ሁሉ ሥጋ የሌለባቸው ናቸው። ስለዚህ ከድንኳኑ ፊት ቆማችሁ «ፒስኒ ነው?» ብትሉ ሽማግሌዋ ሴት መጀመሪያ ትገረማለች፤ ቀጥላ ፈገግ ትላለች፤ ከዚያ የትኛው እንደሚሆናችሁ በጣቷ ታሳያችኋለች። በራሷ ቋንቋ የጠየቃትን ሰው የሚያታልል ልብ ብዙ አይገኝም።

ቢሆንም መልሷን በአንድ ቃል አንተው። በምን እንደተጠበሰ፣ በየትኛው ምጣድ እንደተሠራ ጨምረን እንጠይቅ። በክርስቲያን ስለታረደ ሥጋ ያለውን ዝርዝር ጉዳይ ለዑለማዎቻችን እንተወው፤ ለዚህ ጎዳና ግን አትክልቱና ድንቹ፣ ጣፋጩም ተጠይቆ፣ ከበቂ በላይ ናቸው።

አጠያየቃችንም ወግ አለው። ከምግቡ ፊት ቆሞ አፍንጫን መያዝ፣ «ሐራም! ሐራም!» እያሉ መጮህ፣ ልጅን በጆሮው ጎትቶ ማራቅ ዲናችን ያስተማረን አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የቀረበላቸውን ምግብ የማይነቅፉ፣ ካማራቸው የሚበሉ፣ ካላማራቸው የሚተዉ እንደነበሩ በሐዲስ ተላልፎልናል። ክልክል ለሆነብን ነገር «አመሰግናለሁ፣ በእምነታችን ይህን አንበላም» ማለት ይበቃል። እንዲህ ያለ መልስ ሲሰማ ያደገ ልጅ ነገ በትምህርት ቤቱ ምሳ ላይ ሲጠየቅ አያፍርም፤ አያስቀይምምም።

አንድ ተጨማሪ ነገር። በዓሉ ቀኑን ሙሉ የሚውል በመሆኑ ዙሁርና ዐስር እዚያው ይደርሳሉ። ከጎዳናው በምድር ባቡር ጥቂት ፌርማታ ብቻ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ጃሚዕ መስጊድ ይገኛል። ቀድሞ የፕሬስቢቴሪያኖች ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሲሆን ሙስሊሞች በ1969 ገዝተው መስጊድ ያደረጉት፣ በከተማዋ ካሉት መስጊዶች አንጋፋው ነው። ከጭፈራው መሐል ሰላትን አስታውሶ የሚነሣ ቤተሰብ በዓሉን አላጎደለም፤ ለልጆቹ ግን ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል።

ቼቡሬክ፦ የሙስሊሞቹ ድርሻ

«ዩክሬን» ሲባል አሳማና አረቄ ብቻ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። ከዩክሬን ምግቦች ውስጥ ስሙ የገነነ አንድ የሙስሊም ምግብ አለ፤ እሱም ቼቡሬክ ነው። በስሱ የተዳመጠ ሊጥ ውስጥ የተፈጨ ሥጋና ሽንኩርት ተደርጎ፣ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ታጥፎ በዘይት ይጠበሳል። ሲገመጥ ትኩስ መረቅ ይወጣዋል። የእኛ ሳምቡሳ ትልቅ ወንድም በሉት።

ባለቤቶቹ የክሪሚያ ታታሮች ናቸው። እነዚህ በጥቁር ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ክሪሚያ ለዘመናት የኖሩ ሙስሊሞች ከግንቦት 18 ቀን 1944 ጀምሮ በስታሊን ትእዛዝ ከቤታቸው ተነቅለዋል። ወደ 200,000 የሚጠጋ ሰው በጭነት ባቡር ታጭቆ ወደ ኡዝቤኪስታንና ወደ ሌሎች ሩቅ አገሮች ተጋዘ። ወንዶቹ ብዙዎቹ ጦር ግንባር ስለነበሩ ከተጋዙት የሚበዙት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። በመንገድና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በረሀብና በበሽታ ያለቀው ብዙ ነው። ወደ አገራቸው መመለስ የጀመሩት በ1980ዎቹ መጨረሻ ነበር። ሩስያ ክሪሚያን በ2014 ስትይዝ ደግሞ ብዙዎቹ እንደገና ተሰደው ወደ ኪየቭና ወደ ልቪቭ ገቡ። እዚያ ምን ይዘው ጀመሩ? ምጣዳቸውን! ትናንሽ ምግብ ቤቶች ከፍተው ቼቡሬክና ያንቲክ ሸጡ። ያንቲክ ያው ሊጥና ሥጋ ሆኖ ያለ ዘይት በደረቅ ምጣድ የሚጋገረው ነው። በግዞት ዘመን ከኡዝቤኮች ጋር የለመዱትን የሩዝ ምግብም አቀረቡ።

ሆኖም ጥንቃቄ አይለየን። ቼቡሬክ ዛሬ በዩክሬን የሁሉም ሰው የመንገድ ምግብ ሆኗል፤ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ሲሠራው የአሳማ ሥጋ ሊቀላቅልበት ይችላል። ስሙ የታታር ነው ብለን አንዘናጋ። ሻጩን ሰላም ብለን እንጠይቅ፤ ማን ያውቃል፣ «ወዐለይኩሙ ሰላም» የሚል ወንድም ሊሆን ይችላል።

ዳቦ የማይጣልበት ቤት

በዩክሬናውያን ዘንድ የክብር እንግዳ የሚቀበሉት በጥልፍ ፎጣ ላይ በተቀመጠ ዳቦና ጨው ነው። የወደቀ ዳቦ አንሥቶ የሚስም አዛውንት የአገራችን ሰው ብቻ አይደለም። የእነሱ የዳቦ ክብር ግን አንድ ጥቁር ትዝታም አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1933 ያ የዓለም የእህል ጎተራ የሚባል ምድር ተራበ። ዝናብ ጠፍቶ አልነበረም። የስታሊን መንግሥት የገበሬውን መሬት በግድ ወደ ማኅበር ካስገባ በኋላ እህሉን በኮታ እየተመነ ወሰደ፤ ኮታውን ያልሞላ መንደር ሸቀጥ እንዳይገባበት ተደረገ፤ የተራበውም ሰው ምግብ ፍለጋ አገር ለቆ እንዳይወጣ ታገደ። ነሐሴ 1932 በወጣው ሕግ ከማኅበሩ ማሳ ቃርሚያ የለቀመ ሰው እንኳ ለረጅም እስራት፣ ለሞትም ይዳረግ ነበር። የሕዝብ ቁጥር አጥኚዎች በዩክሬን ብቻ በረሀቡ ያለቀውን ሰው ወደ 3.9 ሚሊዮን ያደርሱታል። ዩክሬናውያን ሆሎዶሞር ይሉታል፤ በረሀብ መግደል እንደማለት ነው። በሶቪየት ዘመን ስለዚህ ነገር በአደባባይ ማውራት ክልክል ስለነበር ወሬውን ያቆዩት በስደት ያሉት ናቸው። ቶሮንቶ ውስጥ ከ2018 ጀምሮ የእህል ዛላ የያዘች ከሲታ ሕፃን ሐውልት ቆማለች። በየዓመቱ በኅዳር ወር አራተኛ ቅዳሜ ሻማ ያበራሉ።

እንግዲህ በጎዳናው ላይ «ብሉ! ጨምሩ!» እያሉ ሳህን የሚሞሉትን አሮጊት ስታዩ ከጀርባቸው ይህ እንዳለ እወቁ። እኛም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1977ቱን የአገራችንን ረሀብ ያየን ወይም ከወላጆቻችን የሰማን ነን፤ የተራበ ሕዝብ ለእንግዳ ሲያበላ ምን እንደሚሰማው እናውቃለን።

ደግሞም ባለ ዕዳነት የለብንም አንበል። በ2022 ጦርነቱ የጥቁር ባሕርን ወደቦች ዘግቶ የዓለም የስንዴ ዋጋ ሲንር፣ ወደቦቹ በስምምነት እንደተከፈቱ የተባበሩት መንግሥታት ለእርዳታ የጫነው የመጀመሪያው መርከብ ወዴት እንደሄደ ታስታውሳላችሁ? ብሬቭ ኮማንደር የተባለው መርከብ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ይዞ በነሐሴ ወር መጨረሻ ጅቡቲ ደረሰ። ስንዴው የተላከው ለኢትዮጵያ ነበር።

የእናቶች እጅ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከዚያ ድንኳን ሥር በሺሕ የሚቆጠር ቫሬኒኪ ከየት መጣ?

በካናዳ ከተሞች የዩክሬናውያን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ሴቶች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። አንዷ ሊጥ ትዳምጣለች፣ አንዷ ድንቹን ታድበለብላለች፣ ሌሎቹ ይቆነጥጣሉ። እጅ ሲሠራ አፍ ያወራል፤ የታመመ ይጠየቃል፣ ሰርግ ይነገራል፣ ልጃገረዶቹ የአያቶቻቸውን ቋንቋ ይሰማሉ። ተሠርቶ የተሸጠው ገንዘብ ለስንቱ አዳራሽ ጣሪያ፣ ለስንቱ የቅዳሜ ቋንቋ ትምህርት ቤት ደርሷል። ከ2022 ወዲህ ደግሞ ለጦርነቱ ተፈናቃዮች መርጃ ውሏል። ከጦርነቱ ሸሽተው ካናዳ ከገቡት ወደ 300,000 የሚጠጉ አዲስ ሰዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበላቸው የዚህ ጠረጴዛ ሰው ነው። አራተኛው ትውልድ ቋንቋውን ረስቶ ሊሆን ይችላል፤ ቫሬኒኪ መቆንጠጥ ግን አልረሳም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቋንቋውን ነገሩት፣ ቫሬኒኪውን ግን በእጁ አሠሩት።

ወገኖች ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። በቶሮንቶ፣ በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም፣ በጅዳ ያሉ ልጆቻችን ሳምቡሳ ይበላሉ፤ ስንቶቹ ያጥፉታል? የረመዳን ሾርባ ይጠጣሉ፤ ስንቶቹ ያማስላሉ? እንጀራ ይወዳሉ፤ ስንቶቹ አብሲት ምን እንደሆነ ያውቃሉ? እናት ደክማ ሠርታ ታቀርባለች፣ ልጅ ስልኩን እያየ ይበላል፣ ነገ እናት ስታልፍ አብሯት የሚያልፈው ምግቡ ብቻ አይደለም። በኢፍጣር ዋዜማ ወንድ ልጅም ሴት ልጅም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠው ሊጥ ቢያጥፉ፣ አያት እያወራች እነሱ ቢያዳምጡ፣ ከብዙ ምክር የበለጠ ይቀመጣል። መስጊዶቻችንም የሴቶቹን ጓዳ እንደ ዕቃ ማስቀመጫ ማየት ትተው የማኅበረሰቡ ትምህርት ቤት አድርገው ቢያዩት መልካም ነው።

ስለ ጎረቤትነትም አንድ ታሪክ እንጨምር። በካናዳ የመጀመሪያው መስጊድ በኤድመንተን ከተማ በ1938 የተከፈተው አል-ረሺድ መስጊድ ነው። ሙስሊሞቹ ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ። ሒልዊ ሐምዳን የተባሉ እመቤት ከጓደኞቻቸው ጋር እየዞሩ ከሙስሊሙም፣ ከክርስቲያኑም፣ ከአይሁዱም ነጋዴ ገንዘብ አሰባሰቡ። የሕንፃውን ሥራ የያዘው ማይክ ድሬዎት የሚባል የዩክሬን ተወላጅ ነበር። ሰውዬው በሕይወቱ መስጊድ አይቶ አያውቅም! የሚያውቀው የአገሩን ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ነበር። እናም ሚናራዎቹ ጫፍ ላይ ያሉት ጉልላቶች የዩክሬን ቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስለው ወጡ። መስጊዱ ሊፈርስ በተቃረበበት ጊዜ የከተማዋ ሙስሊም ሴቶች ተከራክረው አዳኑት፤ ዛሬ በፎርት ኤድመንተን ፓርክ ውስጥ ቆሞ ይታያል። የመጀመሪያውን ሱጁዳችንን በዚያ ምድር ያስጠለለውን ጣሪያ ያነሣው የዚያ ጎረቤት እጅ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ልጅዎ በዚያ ጎዳና ላይ «ይሄን መብላት እንችላለን?» ሲልዎ መልሱ አለዎት። «ይሄኛውን አንበላም፤ ይሄኛውን ጠይቀን እንበላለን፤ ሁሉንም የሠሩትን ግን ሰላም እንላለን» ይበሉት። ወደ ቤት ስትመለሱ ደግሞ ዱቄቱን አውጡና እጁን እንዲያስገባ አድርጉት።

አላህ ለልጆቻችን ሐላሉን ያግራላቸው፤ በጎረቤትነታችንም መልካም ስም ይስጠን። በሚቀጥለው ወር በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ድረስ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።